ጉበት ወለድ የአንጎል መታወክ እና አመጋገብ

ጉበት ወለድ የአንጎል መታወክ (ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ) ጉበት ክፉኛ ሲጎዳ፣ ወይም ከአንጀት የሚመጣው ደም በጉበት ውስጥ ሳያልፍ በአቋራጭ ወደ መላ ሰውነት ሲሄድ፣ በአንጎል ሥራ ላይ የሚደርስ መዛባት ነው። ከትኩረት ማጣትና ከእንቅልፍ መዛባት ይጀምርና ራስን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል። በአብዛኛው የሚታየው ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ በሚደድርበት፣ ሲሮሲስ በሚባለው የበሽታ ደረጃ ነው። በወቅቱ ከታከመ ታማሚው ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አእምሮው ይመለሳል፤ ሆኖም ችግሩ ተመልሶ የመምጣት ባሕርይ አለው።

በሽታው ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት ለረጅም ጊዜ በስሕተት ሲተረጎም ቆይቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ታማሚ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ ይከለክሉት ነበር። የዛሬው የሕክምና መመሪያ ግን ተቃራኒውን ይላል፦ የጉበት ሕመምተኛ በቂ ጉልበትና በቂ ፕሮቲን ማግኘት አለበት፤ ክልከላው ጡንቻን አክስቶ በሽታውን ያባብሳል። የዕለት ምግቡ በአብዛኛው እህልና ሥራ ሥር በሆነበት፣ ረጅም ጾምም በተለመደበት እንደ ጅማ ባለ አካባቢ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው።

ስያሜ

ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ሕመም በአማርኛ በተለምዶ «የወፍ በሽታ» ይባላል። በአፋን ኦሮሞም «ዱኩባ ሲምቢራ» ሲባል ትርጉሙ ተመሳሳይ ነው፤ ጉበት ደግሞ «ቲሩ» ይባላል። እነዚህ ስሞች የሚያመለክቱት የሚታየውን ቢጫነት እንጂ አንድ የተለየ በሽታን አይደለም። ጉበት ወለድ የአንጎል መታወክ ራሱን የቻለ የሕዝብ ስም የለውም። ምልክቱ የጠባይ መለወጥና መቀባዠር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከአእምሮ ሕመም፣ ከመንፈስ ወይም ከዛር ጋር ይያያዛል። በዚህም ምክንያት ታማሚው ወደ ሐኪም ቤት ሳይመጣ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

እንዴት ይከሰታል

ምግብ ሲፈጭ ከፕሮቲን ውስጥ አሞኒያ የተባለ ናይትሮጅን ያለው ውህድ ይወጣል። ከፊሉን የአንጀት ባክቴሪያዎች ያመርቱታል፤ ከፊሉ ደግሞ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲጠቀም የሚፈጠር ነው። አሞኒያው ፖርታል ቬን በሚባለው ደም መልስ አማካኝነት ወደ ጉበት ይሄዳል። ጤነኛ ጉበት አብዛኛውን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ ዩሪያውም በኩላሊት በኩል በሽንት ይወገዳል።

በሲሮሲስ ጊዜ ይህ ሥርዓት በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛ፣ አሞኒያን የሚለውጡት የጉበት ሕዋሳት ቁጥር ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ደሙ በደደረው ጉበት ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው በፖርታል ቬን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ደሙም በምግብ ቧንቧ፣ በጨጓራና በሌሎች ቦታዎች ባሉ ትናንሽ ደም መልሶች በኩል አቋራጭ መንገድ ያበጃል። በዚህ አቋራጭ የሄደ ደም ሳይጣራ አንጎል ጋ ይደርሳል።

በአንጎል ውስጥ አሞኒያን የሚይዙት አስትሮሳይት የሚባሉት ደጋፊ ሕዋሳት ናቸው። አሞኒያውን ወደ ግሉታሚን ይለውጡታል፤ ግሉታሚን ሲጠራቀም ግን ውኃ ስቦ ሕዋሳቱን ያሳብጣቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ በሰውነት ውስጥ ያለ ኢንፌክሽንና ብግነት የአሞኒያን ጉዳት ያበረታል። የሁለት ሰዎች የደም አሞኒያ መጠን እኩል ሆኖ አንዱ ሲቃዥ ሌላው ደኅና የሚሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሂደት የጡንቻ ድርሻ ትልቅ ነው። ጉበት ሲዳከም አሞኒያን ከደም ውስጥ በመውሰድ ወደ ግሉታሚን የሚለውጠው ዋናው ተተኪ የአካል ክፍል የአጥንት ጡንቻ ነው። ጡንቻው የከሳ ታማሚ ይህን ሁለተኛ መከላከያ ያጣል። የአመጋገብ ጉዳይ ከአንጎል ጤና ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ምልክቶችና ደረጃዎች

የበሽታው ክብደት ብዙ ጊዜ የሚለካው ዌስት ሄቨን በሚባለው መለኪያ ነው።

- ስውር ደረጃ፦ በውጭ የሚታይ ምልክት የለም፤ ሆኖም በልዩ ፈተና ሲታይ የትኩረትና የፍጥነት መቀነስ አለ።
- 1ኛ ደረጃ፦ መነጫነጭ ወይም ያለ ምክንያት መደሰት፣ ቀላል የሒሳብ ስሌት መሳሳት፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃት።
- 2ኛ ደረጃ፦ መፍዘዝ፣ የጠባይ መለወጥ፣ ቀንና ዕለትን መርሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ።
- 3ኛ ደረጃ፦ ያለበትን ቦታ አለማወቅ፣ መቃዠት፣ ሲቀሰቅሱት ብቻ የሚነቃ ከባድ እንቅልፍ።
- 4ኛ ደረጃ፦ ሙሉ በሙሉ ራስን መሳት።

የተለየው የእጅ ምልክት አስቴሪክሲስ ይባላል። ታማሚው እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፎቹን ወደ ላይ ሲያጥፍ፣ እጆቹ እንደ ክንፍ ባልተስተካከለ ሁኔታ ይርገፈገፋሉ። ምልክቱን ሬይመንድ አዳምስና ጆሴፍ ፎሊ የተባሉ አሜሪካውያን የነርቭ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1949 ገልጸውታል።

ስውሩን ደረጃ ለመለየት ከሚያገለግሉት ፈተናዎች አንዱ ወረቀትም እርሳስም አይፈልግም። ታማሚው በ60 ሰከንድ ውስጥ የሚያውቃቸውን እንስሳት ስም እንዲጠራ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የጣሊያን ጥናት ከ10 በታች ስም መጥራት የጎላ ችግር ምልክት ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ የተወሰነው በዚያ አገር ታማሚዎች ላይ ቢሆንም፣ ፈተናው ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ሊቀርብ ይችላል።

ስውር ደረጃም ቢሆን አደጋ አለው። ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ወይም መኪና የሚያሽከረክር ታማሚ ምላሹ ስለሚዘገይ ለግጭት ይጋለጣል።

መቃዠት ያለበት የጉበት ሕመምተኛ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የወባ በሽታ ወደ አንጎል መዝለቅ፣ ማጅራት ገትር፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የኩላሊት መድከም፣ በራስ ቅል ውስጥ ደም መፍሰስና የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ መመርመር አለባቸው።

ቀስቃሽ ምክንያቶች

ብዙ ጊዜ ከቀልብ መሳቱ በስተጀርባ አንድ የቀሰቀሰው ነገር ይገኛል፤ ከሕክምናው ትልቁ ክፍልም ይህን ፈልጎ ማስወገድ ነው።

- ከምግብ ቧንቧ ወይም ከጨጓራ የሚፈስ ደም። አንድ ሊትር ደም ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። ይህም አንድ ታማሚ በቀን ከሚበላው ፕሮቲን በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣል።
- ኢንፌክሽን፣ በተለይ በሆድ ውስጥ በተጠራቀመው ውኃ ላይ የሚነሣው።
- የሆድ ድርቀት። ዓይነ ምድር በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ወደ ደም የሚገባው አሞኒያ ይጨምራል።
- በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችን ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚመጣ የውኃ መቀነስ፣ እንዲሁም የፖታሲየምና የሶዲየም መውረድ። ፖታሲየም ሲያንስ ኩላሊት ራሱ ተጨማሪ አሞኒያ ያመነጫል።
- እንደ ዳያዜፓም ያሉ የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች።
- አልኮል፣ ማለትም አረቄ፣ ጠላና ጠጅ ጭምር።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የዕለት ተዕለት መጠነኛ ምግብ የለም። ምንም ቀስቃሽ ሳይኖር በተለመደ የፕሮቲን ምግብ ብቻ ራሱን የሚስት ታማሚ ጥቂት ነው።

የምግብ እጥረት በጉበት ሕሙማን

የተመጣጠነ ምግብ እጥረት በሲሮሲስ ሕሙማን ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ በሽታው በገፋ ቁጥርም ይጨምራል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በሆድ የተጠራቀመው ውኃ (አሳይተስ) ጨጓራን ስለሚጫን ታማሚው ቶሎ ይጠግባል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ጨው የተቀነሰበት ምግብም አይጥምም። የሐሞት ፍሰት ሲቀንስ ቅባትና በቅባት የሚሟሙት ቫይታሚኖች በደንብ አይመጠጡም። አልኮልና ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ጉበቱ ስንቅ መያዝ ያቅተዋል። ጤነኛ ጉበት ሌሊት የሚያስፈልገውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል። በሲሮሲስ ጊዜ ይህ ክምችት በጣም ትንሽ ነው። እራቱን በጊዜ በልቶ የተኛ ታማሚ ሲነጋ ሰውነቱ የሚገኝበት ሁኔታ፣ አንድ ጤነኛ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ጾሞ ከሚደርስበት ጋር ይመሳሰላል። ሰውነቱም ስኳር ለመሥራት የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል።

ክብደት ለብቻው ይህን አያሳይም። ሆዱና እግሩ ያበጠ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚታየው ኪሎ ከፊሉ ውኃ ነው። ስለዚህ ደረቅ ክብደትን ለመገመት ውኃው ጥቂት ከሆነ 5 በመቶ፣ መካከለኛ ከሆነ 10 በመቶ፣ ብዙ ከሆነ 15 በመቶ ይቀነሳል፤ እግርም ካበጠ 5 በመቶ ይጨመርበታል። የክንድ መሐል ዙሪያ መለኪያና የእጅ ጭብጥ ጥንካሬ ውኃ ብዙም ስለማይነካቸው የተሻለ ፍንጭ ይሰጣሉ።

የምግብ ሁኔታ የበሽታውን አካሄድ እንደሚወስን ሐኪሞች ቀደም ብለው አይተውታል። ቻይልድና ተርኮት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት የሲሮሲስ ክብደት መለኪያ ከያዛቸው አምስት ነጥቦች አንዱ የአመጋገብ ሁኔታ ነበር። ፑና ባልደረቦቹ በ1973 መለኪያውን ሲያሻሽሉ፣ አመጋገብን በቁጥር መለካት አስቸጋሪ ስለነበር፣ ደም ለመርጋት በሚፈጀው ጊዜ ተኩት። ቻይልድ-ፑ የሚባለው መለኪያ ዛሬም የሚሠራበት በዚህ መልክ ነው።

የፕሮቲን ክልከላ ታሪክ

ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኤክ እ.ኤ.አ. በ1877 በውሻ ላይ ፖርታል ቬንን ከትልቁ ደም መልስ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና ገለጸ። በ1893 በሴንት ፒተርስበርግ ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቹ ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ውሾች ሥጋ ሲበሉ እንደሚቆጡ፣ እንደሚንገዳገዱና ራሳቸውን እንደሚስቱ አሳዩ። ሁኔታው «የሥጋ መመረዝ» ተባለ።

በ1950ዎቹ የሲሮሲስ ሕሙማን ናይትሮጅን ያለባቸው ነገሮች ሲሰጧቸው እንደሚቃዡ በአሜሪካ ታየ። በ1954 እንግሊዛዊቷ የጉበት ሐኪም ሺላ ሸርሎክና ባልደረቦቿ ችግሩ ደም በአቋራጭ ከማለፉ ጋር ያለውን ግንኙነት በዝርዝር ገለጹ። ከዚያ በኋላ ፕሮቲን መከልከል በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የተለመደ ትእዛዝ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበረም፤ ላክቱሎስ ለዚህ በሽታ ሕክምና የዋለው በ1966 ነው።

ክልከላው ራሱ በሥርዓት ሳይፈተን ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 በባርሴሎና ሁዋን ኮርዶባና ባልደረቦቹ ታመው ሆስፒታል የገቡ 30 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በመጀመሪያ ፕሮቲን ተከልክሎ ቀስ በቀስ ተጨመረለት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.2 ግራም ፕሮቲን ተሰጠው። ከአንጎል መታወኩ በመዳን ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በተከለከሉት ላይ ግን የሰውነት ፕሮቲን መፍረስ በዛ። በ2013 የበሽታውን አጥኚዎች የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ቀጥሎም የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበር ባወጧቸው መመሪያዎች ፕሮቲን መከልከል እንደሌለበት ተደነገገ።

የአሁኑ የአመጋገብ መመሪያ

ጉልበት። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ ክብደት 35 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመከራል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ወደ 1,925 ኪሎ ካሎሪ ነው።

ፕሮቲን። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልጋል። ለ55 ኪሎ ሰው ከ66 እስከ 82 ግራም ማለት ነው። የጥራጥሬና የወተት ተዋጽኦ ፕሮቲን ከቀይ ሥጋ ይልቅ በታማሚዎች ዘንድ በተሻለ ይስማማል። የጥራጥሬው አሰር አንጀትን ያሠራል፤ የሆድ ድርቀትንም ይከላከላል።

የምግብ ሰዓት። ቀን ቀን በየሦስት እስከ አምስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ መብላት ይመከራል። ከሁሉ የሚበልጠው ከመኝታ በፊት የሚወሰደው ምግብ ነው። ከእራት በኋላ የሚወሰድ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያለው መክሰስ ረጅሙን የሌሊት ጾም ያሳጥራል። በኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ተመሳሳይ ተጨማሪ ምግብ በሌሊት ሲወሰድ የሰውነት ፕሮቲን ሲጨምር፣ በቀን ሲወሰድ ግን ይህ ውጤት አልታየም።

ጨው። በሆድ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ሰው በቀን ከ5 ግራም የማይበልጥ ጨው፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ፣ እንዲጠቀም ይመከራል። ጨው መቀነሱ ታማሚውን ምግብ እስከ ማስጠላት ከደረሰ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ቫይታሚንና ማዕድን። አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ወይም በጣም የከሳ ታማሚ ቫይታሚን ቢ1 ሊጎድለው ይችላል፤ የዚህ እጥረት የሚያመጣው መቃዠት ከጉበቱ ጋር ይምታታል። በደም ሥር ስኳር ከመስጠት በፊት ወይም ከዚያው ጋር ቢ1 መስጠት የተለመደ ጥንቃቄ ነው። የዚንክ እጥረትም በሲሮሲስ ሕሙማን ላይ በብዛት ይታያል።

በጅማና በአካባቢዋ ምግቦች

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማና በዙሪያዋ ያሉት እንደ አጋሮና ሊሙ ገነት ያሉ የቡና ከተሞች በቡና ቢታወቁም፣ የብዙ ቤተሰብ ዋና ምግብ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ እንሰትና ጎደሬ ነው። ቆጮ፣ ቡላና ጎደሬ ጉልበት ይሰጣሉ፤ የፕሮቲን ይዘታቸው ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ «ፕሮቲን አትብላ» የሚል ምክር ሲጨመር ለታማሚው የሚቀረው ስታርች ብቻ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ውድ ምግብ የግድ አይደለም። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ወተት ወደ 8 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ 100 ግራም ምስር ወይም የሽሮ እህል፣ እንዲሁም ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ በድምሩ 70 ግራም ያህል ይሆናሉ። ይህ ለ55 ኪሎ ሰው የሚበቃ ነው። ቀሪው ጉልበት ከዘይት፣ ከዳቦ፣ ከቆሎ፣ ከሙዝና ከማር ሊገኝ ይችላል። እንቁላልና ወተት በማይገኝበት ቤት የባቄላ፣ የአተር፣ የሽምብራና የምስር መጠን ይጨመራል፤ ሽሮውም ቀጠን ከሚል ወፈር ቢል ይመረጣል። ጥራጥሬን ከእህል ጋር አብሮ መብላት የአንዱ የጎደለ አሚኖ አሲድ በሌላው እንዲሟላ ያደርጋል።

ለመኝታ ሰዓት በሶ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ እርጎ ወይም ዳቦ በወተት ይስማማል። ወተት መፈላት አለበት። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ታማሚ የኢንፌክሽን አደጋ ስላላቸው አይመከሩም።

ጨው የሚገባው በወጥ ብቻ አይደለም። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና ዳቦ ብዙ ጊዜ ጨው አላቸው፤ በአንዳንድ የገጠር ቤቶች ቡናም በጨውና በቅቤ ይጠጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ በሶብላና በአካባቢው የሚበቅለው ኮረሪማ ጨው የተቀነሰበትን ወጥ ያጣፍጡታል። ቡና ራሱ አይከለከልም። ቡና አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ላይ ሲሮሲስና የጉበት ካንሰር አነስተኛ ሆኖ እንደሚታይ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል፤ ይህ ግን ቡናን መድኃኒት አያደርገውም። እንቅልፉ ለተዛባ ታማሚ ከሰዓት በኋላና ማታ መቀነሱ ይመረጣል።

ጾም

በአካባቢው የእስልምናም ሆነ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ረጅም የጾም ጊዜያት አሏቸው። በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ምግብና ውኃ አይወሰድም። በኦርቶዶክሱ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾምን ጨምሮ በጾም ጊዜ የእንስሳት ተዋጽኦ አይበላም፤ ብዙዎችም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም።

ለጉበት ሕመምተኛ የጾሙ ምግብና የጾሙ ሰዓት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክና ሱፍ ለዚህ በሽታ ከሚስማሙት ምግቦች ውስጥ ናቸው። ጉዳት የሚያመጣው ለረጅም ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መቆየቱ ነው፤ ጡንቻን ያፈርሳል፣ የውኃ መቀነስና የሆድ ድርቀትንም ያስከትላል። በሁለቱም እምነቶች የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ የሚፈታበት ሥርዓት አለ። በእስልምና ሊድን የማይችል ሕመም ያለበት ሰው በጾሙ ምትክ ድኻ ያበላል፤ በኦርቶዶክስ ደግሞ ታማሚው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክራል።

ሕክምና

ቀስቃሹን ምክንያት ከማከም ጎን ለጎን ዋናው መድኃኒት ላክቱሎስ የተባለ ሽሮፕ ነው። ላክቱሎስ በሰውነት የማይፈጭ ስኳር ሲሆን የአንጀትን አሲድነት ጨምሮ አሞኒያ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ዓይነ ምድርንም ያለሰልሳል። መጠኑ የሚስተካከለው ታማሚው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ዓይነ ምድር እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተቅማጡ ውኃና ፖታሲየም አሟጦ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል። ችግሩ በሚደጋገምበት ጊዜ ሪፋክሲሚን የተባለ፣ ከአንጀት ብዙም የማይመጠጥ ፀረ ባክቴሪያ ይጨመራል።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለታማሚ ምግብ የሚያመጣው፣ የሚያጎርሰውና ሌሊት አጠገቡ የሚያድረው በብዙ ሁኔታ አስታማሚው ነው። ስለዚህ የአመጋገቡን ምክር ከታማሚው በተጨማሪ አስታማሚው ማወቁ አስፈላጊ ነው። የእንቅልፍ መዛባቱን፣ የጠባይ ለውጡንና የዓይነ ምድሩን ብዛት ቀድሞ የሚያስተውለውም እሱ ነው። በደንብ ላልነቃ ታማሚ አጥሚት ወይም ውኃ በአፍ ማጠጣት ትንታ አምጥቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ በ3ኛና በ4ኛ ደረጃ ላይ ምግብ የሚሰጠው በሐኪም ውሳኔ፣ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ነው። ታማሚው ሲነቃ ምግቡ ሳይዘገይ ይቀጥላል።

ዘላቂው ሕክምና ጉበት መቀየር ነው፤ ይህ ግን ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ታማሚ የሚደረስበት አይደለም። በዚህም ምክንያት የአመጋገብ እንክብካቤና ቀስቃሾችን መቆጣጠር የበለጠ ክብደት ያገኛሉ።

በኢትዮጵያ

በአገሪቱ ከሚታወቁት የሲሮሲስ መንስኤዎች ዋነኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ሄፓታይተስ ሲና አልኮልም አሉበት። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ሲጀምር በመጀመሪያው ዙር 1,303 ታማሚዎችን መዝግቧል። ከሞቱት ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የመጡት ሆዳቸው ውኃ ከቋጠረ በኋላ ነበር።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። በትግራይ ጸዳ እምባ መንደር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሆድን የሚያሳብጥና ብዙ ሰው የገደለ የጉበት በሽታ ተከስቶ ነበር። ምርመራው በኋላ ከእህል ጋር የተቀላቀለ አጌራተም የተባለ አረም ዘር ውስጥ ወዳለ መርዝ አመለከተ።

ጅማ ላይ ቢልሃርዚያም አለ። በ2011 የታተመ ጥናት በከተማዋ ሦስት ወንዞች አቅራቢያ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩን አረጋግጧል። ለብዙ ዓመት ሳይታከም የቆየ ቢልሃርዚያ በፖርታል ቬን ዙሪያ ጠባሳ ፈጥሮ ደም ያስተፋል፤ የጉበቱ ሕዋሳት ግን በአብዛኛው ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ የአንጎል መታወኩ ከሲሮሲስ ይልቅ ያንሳል። ከወንዞቹ አንዱ የሆነው አወቱ በሚያቋርጣት በዚህች ከተማ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሪፈራል አገልግሎት ይሰጣል። አወቱ መንደራን በመሳሰሉ የከተማዋ ቀበሌዎች የሚኖር ታማሚ በቅርብ ሲደርስ፣ ከገጠር የሚመጣው ግን ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል።

መከላከል

የአንጎል መታወኩን ለመከላከል የመጀመሪያው እርምጃ ጉበት ወደ ሲሮሲስ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን እ.ኤ.አ. በ2007 ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር በአንድ ላይ ለሕፃናት መስጠት ጀምራለች። ቫይረሱ ያለባቸውና ሕክምና የሚገባቸው ሰዎች ቴኖፎቪር ይሰጣቸዋል፤ ቢልሃርዚያ በፕራዚኳንቴል ይድናል። አልኮል ማቆም በማንኛውም ደረጃ ላይ ይጠቅማል። ለ«ወፍ በሽታ» የሚሰጡ ይዘታቸው የማይታወቅ የባህል መድኃኒቶች የተጎዳውን ጉበት የበለጠ ሊጎዱት ስለሚችሉ ለሐኪም መነገር አለባቸው።

ሲሮሲስ ላለበት ሰው ደግሞ መከላከያው በየዕለቱ የሚደጋገም ነው፦ ላክቱሎሱን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ የሆድ ድርቀትን አለማሳደር፣ የቻለውን ያህል በእግር መንቀሳቀስ፣ በየጥቂቱ በቂ ፕሮቲን ያለው ምግብ መብላትና ጾም አለማደር። ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ደም ማስታወክ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም አዲስ የጀመረ መቀባዠር ሲታይ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።